የወንድሜ ቱቦ

ፂማሙ የምንለው ሰውዬ ወንድሜን ሰላም ካላለው ሦስት ዓመት አለፈው። ጎረቤታሞች ናቸው። ማሳቸውን የሚለየው አንድ ቦይ ነው፤ ጠዋት በአንድ መንገድ ይወርዳሉ፣ ማታ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ድሮ አንዱን ጉንፋን ሲይዘው ሌላው የሚያስል ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አሁን ግን ፂማሙ ወንድሜን ከሩቅ ሲያየው ወደ ሰማይ አንጋጦ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ያጣራል። በበጋም ያጣራል።

ነገሩ የተነሳው ከሽምብራ ዘር ነው። ወንድም ጋሼ ታላቄ ነው፣ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፣ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ከሰባት ዓመት በፊት ከሩቅ ገበያ አንድ ከረጢት አዲስ ዘር ይዞ መጣ። ፍሬው ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነበር። ዘራው፣ ተረፈው፣ ለጎረቤት አደለ። በዘር አምራቾች ማኅበሩ ውስጥ ዘር መራጩ እሱ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። ሁለት ዓመት ጥሩ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽምብራው መሞት ጀመረ። ዛሬ አረንጓዴ የነበረው ተክል ከነገ ወዲያ ጫፉን ይደፋል፣ በሳምንቱ ገለባ ይሆናል፤ ግንዱን ሲሰነጥቁት መሐሉ ጠቁሮ ይገኛል። አጠውልግ በሽታ ይባላል፤ የሚያመጣው አፈር ውስጥና ዘር ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው። ፂማሙ በአንድ ወቅት ማሳውን በሙሉ አጣ። ሰላምታውን ያቆመው ያን ጊዜ ነው። "ይህን መዓት ያመጣብን ያ ከረጢት ነው" አለ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ እንደሱ ማለት ጀመሩ።

እኔ እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በስራዬ በኩል ነው። ከተማ ባለው የሰብል ምርምር ጣቢያ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስት ዳይሬክተር ሸኝቻለሁ፣ አንዳንዶቹን በደስታ። ላብራቶሪያችን ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ፍሪጅ (የአንደኛው በር በላስቲክ ታስሮ ነው የሚዘጋው) እና እንደ ልጄ የምሳሳላት አንዲት ፒሲአር ማሽን አሉበት። ሁሉም ሰው እቴቴ ይለኛል። አለቃዬ ዶክተሯም እቴቴ ነው የምትለኝ፤ ልጄ ለመሆን ምንም አልቀራትም። እኔ ግን በስራ ሰዓት አንቱ እላታለሁ። ስናደድ አንቺ እላታለሁ፤ ያኔ ነገር እንዳለ ይገባታል።

ዶክተሯ የምታጠናው ይህንኑ ሽምብራ ገዳይ ፈንገስ ነው። በዓይን ሲያዩት፣ በማይክሮስኮፕም ቢሆን፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ሳህን ላይ ሲያድግ ነጭ ጥጥ ይመስላል። ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚለየው በዘረመል ጠቋሚ ነው። በፈንገሱ ዘረመል ውስጥ አንድ አጭር ቃል እየተደጋገመ የተጻፈባቸው ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ቤተሰብ ስምንት ጊዜ ሲደግመው ሌላው አሥራ አራት ጊዜ ይደግመዋል። ማሽኗ ያንን ቦታ ብቻ ነጥላ ታባዛዋለች። የተባዛውን ጄል በሚባል የረጋ ዝልግልግ ላይ አድርገን ኤሌክትሪክ ስንለቅበት አጭሩ ሩቅ ይሄዳል፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት ሲበራበት እያንዳንዱ በደረሰበት ላይ አንድ አንድ ሰረዝ ሆኖ ይታያል። ሰረዛቸው እኩል ቦታ የሚያርፍ ፈንገሶች ዘመዳሞች ናቸው። በሽታው በአንድ ከረጢት ዘር የገባ ከሆነ በየማሳው የሚገኘው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ይሆናል። ከድሮ ጀምሮ አፈሩ ውስጥ የነበረ ከሆነ ግን ብዙ ዓይነት ቤተሰብ ይገኛል።

ይህን ለወንድም ጋሼ ያወራሁለት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ጣቢያው ድረስ መጣና ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣ "ማሽናችሁ ያመጣሁት እኔ ልሁን አልሁን ትለያለች?" አለኝ።

"ትለያለች።"

"እንግዲያው ትለየኝ። ማኅበሩ ከአባልነት ሊሰርዘኝ እየመከረ ነው። የከፋኝ መሰረዙ አይደለም። ሰው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔ ካመጣሁት አመጣሁ ብዬ ልረፍ። ካላመጣሁትም እንደ ሰው ሰላም ይበሉኝ።"

አንጀቴን በላው። አባታችን ከሞተ በኋላ ለእኔ ደብተር የገዛው፣ ፈተና ስወድቅ ከእናታችን የደበቀልኝ እሱ ነው። በዕድሜው አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። የዚያኑ ቀን ዶክተሯን ይዤ ለመንኳት፤ እሷም የወንድሜን አካባቢ ጥናቱ ውስጥ አስገባችው።

ከአርባ ስምንት ማሳ የጠወለገ ተክል ሰበሰብን። ፂማሙ ማሳው ስገባ ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም ይበልጥ የታመመውን መርጦ ራሱ ነቀለልኝ። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልዬ ቁጥር ጻፍኩበት። ቁጥር አንድ ወንድም ጋሼ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። እኛ ቤት ሳህን መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ወንበር መጀመሪያ ለእሱ ይሳባል፤ እጄ ለምዷል። የእሱን ፈንገስ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ ተንከባክቤ አሳደግኩ፣ ደጋግሜ ፈጨሁ፣ ዘረመሉም ከሁሉም ወፍራም ሆኖ ወጣ። ያከበርኩት መስሎኝ ነበር።

ማሽኗ አርባ ስምንት ቀዳዳ አላት፤ በእያንዳንዱ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል። ማሳውም አርባ ስምንት፤ ልክክ አለ። ጠንቃቃ ላብራቶሪ አንድ ተጨማሪ ቱቦ ያስገባል፤ በውስጡ ዘረመል የለም፣ ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ምንም ሰረዝ ማሳየት የለበትም። ካሳየ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ለስንት ጀማሪ አስተምሬያለሁ። ግን ለውሃ ቦታ አልነበረም፤ ለአንዲት ቱቦ ውሃ ብዬ ማሽኗን ሁለት ጊዜ አላስነሳም አልኩ።

ደግሞ ያን ዓመት የፒፔት ጫፍ ጠፍቶ ነበር። ፈሳሽ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስናሻግር ፒፔቱ ላይ የምንሰካት ትንሽ ፕላስቲክ ናት፤ አንዴ ከሠራች መጣል አለባት። ግዢ ክፍል "መንገድ ላይ ነው" ማለት ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የትኛው መንገድ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ የራሴን ብልሃት ፈጠርኩ። መጀመሪያ የየማሳውን ዘረመል በየቱቦው ጠብ አደርጋለሁ። ከዚያ ለማባዛት የሚያስፈልገውን ድብልቅ በአንዲት ጫፍ እየቀዳሁ ከቁጥር አንድ እስከ አርባ ስምንት አዳርሳለሁ። አርባ ሰባት ጫፍ አተረፍኩ ብዬ ኮራሁ።

ጄሉን መብራት ላይ ሳስቀምጠው አርባ ስምንት ሰረዝ ተሰልፎ አበራ። ሁሉም እኩል ላይ። ሁሉም ከወንድም ጋሼ ሰረዝ ትይዩ። በአንዳንዶቹ ሥርና አናት ደብዘዝ ያሉ ሌሎች ሰረዞች ይታዩ ነበር፤ ጥላ ነው ብዬ አለፍኳቸው። በሌሎች ሦስት ጠቋሚዎች ደገምኩት፤ ያው ነው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ደወልኩለት። ማለሳለስ አልችልበትም። "አንተ ነህ" አልኩት። "ሁሉም ማሳ ላይ ያለው ያንተ ነው።"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ማሽን አያዳላም፣ ወንድም ጋሼ።"

"በቃ። አንቺ ካልሽ ልክ ነው" አለና ስለ ልጆቼ ጤና ጠይቆኝ ስልኩን ዘጋ።

የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። ማኅበሩ ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠይቀው ተነሳ። "በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ መርምራ ደርሳበታለች፤ ይቅር በሉኝ" አለ። ዘር መራጭነቱን ወዲያው ወሰዱበት፤ ስረዛውን ደግሞ ከአዝመራው በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ አሳደሩት። ፂማሙ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ። "ወንድምሽ በሕዝብ ፊት አንገቱን ደፋልሽ፤ ደስ ይበልሽ" አለችኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዶክተሯ ወረቀት ይዛ መጣች። ጥናቱን ለሳይንስ መጽሔት ልካው ነበር፤ ስሙን የማናውቀው ገምጋሚ አሥራ አንድ ጥያቄ ጽፎ መልሶታል። "ሦስተኛውን አንብቢው፣ እቴቴ" አለችኝ። ሦስተኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የውሃው ቱቦ ውጤት የት አለ ይላል።

ደሜ ፈላ። "ማነው ይሄ ሰውዬ? ጓንት አጥልቆ ያውቃል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቱቦ ጥዬ አላውቅም! አንቺም እሺ ብለሽ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?"

አንቺ እንዳልኳት ልብ ብላለች። ግን ወረቀቱን አልሰበሰበችም። "ከዚያን ጊዜው ድብልቅ የተረፈ አለሽ?" አለችኝ። "ውሃ ብቻ ጨምሪበትና አስነሺው። ባዶ ሲወጣ ፎቶውን እንልክለታለን፤ ይፈር።"

ይፈር ማለቷ ደስ ስላለኝ ሠራሁት። ትራፊው ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ እኔ ምንም ነገር አልጥልም። ከሰዓት በኋላ ጄሉን መብራት ላይ አደረግኩ። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ላይ አንድ ሰረዝ ጥርት ብሎ አበራ። ያረፈው ወንድም ጋሼ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው።

ውሃ ሽምብራ አይዘራም። ውሃ ከሩቅ ገበያ ከረጢት ተሸክሞ አልመጣም። መጀመሪያ ማሽኗን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ውሃውን፤ ከዚያ እጄን አየሁት። ያቺ ጫፍ ቁጥር አንድ ቱቦ ውስጥ ከተነከረች በኋላ ተመልሳ ድብልቁ ውስጥ ገብታለች። ወፍራሙን የወንድሜን ዘረመል ይዛ ነው የገባችው። ከቁጥር ሁለት ጀምሮ ለሁሉም ያደልኩት እሱን ነው። ጥላ ያልኳቸው ደብዛዛ ሰረዞች የየማሳው የራሱ በሽታ ነበሩ። ታላቄ ነው ብዬ ያስቀደምኩትን ሰው በገዛ እጄ በአርባ ሰባት ሰው ማሳ ላይ ዘርቼዋለሁ።

ዶክተሯ ስትገባ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ፎቶውን አየችው፤ ነገርኳት። ነጭ ጋውኗን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔም የውሃውን ቱቦ አልጠየቅኩሽም" አለች። "ሪፖርቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።" ይህን በማለቷ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ሁሉንም ከሥሩ ጀመርነው። ዶክተሯ ከአንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሁለት ካርቶን የፒፔት ጫፍ ለምና አመጣች። ሳህኖቹ ላይ ካደገው ፈንገስ እንደገና ዘረመል አወጣሁ። ለእያንዳንዷ ጠብታ አዲስ ጫፍ፣ መጀመሪያ ድብልቁ፣ መጨረሻ ዘረመሉ። ማሽኗን ሁለት ሁለት ጊዜ አስነሳኋት፤ በየዙሩም ሦስት ቱቦ ውሃ አስገባሁ። ቁጥሮቹን ዶክተሯ ቀያይራ ደበቀችብኝ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስድስት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ስድስት ሳምንታት ወንድሜ ቤት አልደወልኩም። ዳግመኛ ባልተጣራ ነገር ላይ አፌን አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር።

ውሃው ሁሉ ባዶ ወጣ። ማሳዎቹ ላይ ግን አሥራ ሰባት ቤተሰብ ተገኘ። በብዛት የሚገኘው ቤተሰብ ሃያ ሁለት ማሳ ላይ ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ስምንቱ ከወንድም ጋሼ አንዲት ፍሬ ዘር ወስደው አያውቁም። የፂማሙ ማሳ ላይ ሦስት ዓይነት አለ፤ አንዱም የወንድሜ አይደለም። የወንድሜ ቤተሰብ የተገኘው በሦስት ማሳ ብቻ ነው። ዶክተሯ የቁጥሮቹን ዝርዝር ስታነብልኝ ጠረጴዛውን ይዤ ቆሜ ነበር።

"ሪፖርቱን አስተካክለን ለማኅበሩ በደብዳቤ እናሳውቃለን" አለች። "ስህተቱን የላብራቶሪው ብለን እንጽፈዋለን። ስምሽ አይነሳም።"

"ወንድሜ ይቅርታ የጠየቀው በደብዳቤ አይደለም" አልኳት።

አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ደብዳቤውን ግን ፈርማ ሰጠችኝ፤ ያስፈልግሻል አለች።

ስረዛው የሚወሰንበት ስብሰባ በማግስቱ ነበር። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው የወንድሜ ሚስት ናት። "ደግሞ ማን ላይ ልትፈርጂ መጣሽ?" አለችኝ፤ ቢሆንም ከበሩ ዞር አለችልኝ። ወንድም ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የተሰበረ ወንበር እግር በሙጫ ያጣብቃል። ከስቷል። ጥርት አድርጌ ነገርኩት፤ ስለ ጫፏ፣ ስለ ድብልቁ፣ ስለ ውሃው። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ለእሱ እንጂ ለእኔ አይገባም ብዬ።

የፈነዳችው ሚስቱ ናት። "ሰባት ወር! ሰባት ወር ሙሉ ይሄ ሰው ግድግዳ ሲያይ ከረመ! ከቤት አይወጣ፣ ሰው ጋ አይሄድ! አንተ አይደለህም ስለው፣ አይ እህቴ ካለች ነው ይለኛል። አንቺ ግን ያቺን ውሃ ለማስገባት ሰነፍሽ!"

"እውነትሽን ነው፣ እትዬ" አልኩ።

ወንድም ጋሼ እጁን አነሳና ዝም አሰኘን። "እስኪ ስለዚያች ጫፍ ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት። "ቁጥር አንድ ያደረግሽኝ ለምንድነው?"

"ታላቄ ስለሆንክ ነዋ።"

አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኩት መሰለኝ። ቀና ሲል እየሳቀ ነው፤ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ። "እባክሽ እህቴ፣ ከዛሬ ወዲያ መጨረሻ ላይ አድርጊኝ" አለ። ሚስቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ስታለቅስ ሰማናት።

ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ሙጫውን ከጣቱ እየላጠ፣ "ታውቂያለሽ፣ ይቅርታ የጠየቅኳቸው ቀን ቀሎኝ ነበር" አለኝ። "ቢያንስ አሁን ያናግሩኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ከዚያ ያበቃል ብዬ። ማንም አልመጣም።"

የማኅበሩ አዳራሽ ከዘር መጋዘኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአንዱ ግድግዳ ላይ ከረጢት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ ሰዉ ፊት ለፊቱ በአግዳሚ ይቀመጣል። ወንድም ጋሼ ከሁሉም ኋላ በር አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። ሌላው አግዳሚ ተጣቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ካየ በኋላ እንድናገር ፈቀደልኝ።

ላብራቶሪ ውስጥ ድምፄ ኮሪደር ድረስ ይሰማል ይሉኛል። እዚያ ግን ከፊተኛው አግዳሚ አላልፍ አለ። በቃል እንደማይሆንልኝ ሳይ አንድ ማሰሮ ውሃና አምስት ብርጭቆ ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ከሊቀመንበሩ ብዕር ቀለም አፈሰስኩበት። በማንኪያ ከማሰሮው ውሃ እየቀዳሁ፣ ማንኪያውን በየብርጭቆው እየነከርኩ፣ ወደ ማሰሮው እየመለስኩ አዳረስኩ። አምስቱም ብርጭቆ ሰማያዊ ሆነ። "እንዲህ አደረግኩ" አልኳቸው። "ቀለሙ ወንድሜ ነው። እናንተ ማሳ ውስጥ አልነበረም። የከተትኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ አዲሱን ውጤት በየማሳው ነገርኳቸው።

ከመሐል አንድ ሰው፣ "እህቱ አይደለሽ እንዴ? እህት ወንድሟን ብታድን ምን ይገርማል?" አለ።

ድምፄ ተመለሰልኝ። "ባለፈው የኮነንኩትስ እኔ አይደለሁም? ያኔ እህቱ አልነበርኩም? ያኔ እህቱ እንኳ መሰከረችበት ብላችሁ አመናችሁኝ!"

አንዳንዶቹ ሳቁ። ሰውየው ተቀመጠ።

"ታዲያ ማነው ያመጣው?" አለች ከፊት የተቀመጠችው ባለሱቋ።

"ማንም። ብዙው ከእኛ በፊት አፈሩ ውስጥ የነበረ ነው። በየዓመቱ ሽምብራ ላይ ሽምብራ እየደራረብን ቀለብነው።" አዳራሹ ውስጥ ጥፋተኛ ያጣ ሰው ፊት ነበር የማየው። እውነቱን ግማሽ አድርጌ መሄድ ስላልፈለግኩ ወደ ባለሱቋ ዞሬ ጨመርኩበት። "የወንድሜ ቤተሰብ ሦስት ማሳ ላይ አለ። አንዱ የእሱ ነው፣ አንዱ የእርስዎ ነው፣ አንዱ ከገበያው መንገድ ማዶ ነው። ከከረጢቱ ጋር መጥቶ ይሁን አይሁን አላውቅም።"

"አንድ ማሳ" አለች ባለሱቋ እያሰበች። "ለአንድ ማሳ እኔ ራሴ እናገረዋለሁ፤ ለዚያ ስረዛ አያስፈልግም።" ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ፤ የተቃወመ አልነበረም። የስረዛውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በዚህ ጊዜ ፂማሙ ተነሳ። "እኔ ማሳ ላይ የእሱ የለም?" አለኝ።

"የለም።"

"አንድም?"

"አንድም። ሁለት ጊዜ ነው የመረመርኩት።"

አልተቀመጠም። ፂሙን በእጁ ይዞ ቆመ። "ሦስት ዓመት" አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። "ሦስት ዓመት ሰላም አላልኩትም። እሱ ካልሆነ ይህን ሦስት ዓመት ምን ላድርገው?"



"ሰላም በለኛ" አለ ወንድም ጋሼ ከኋላ።

ፂማሙ ዞረ። "አሁን?"

"አሁን።"

ጉሮሮውን ጠረገ። ሰማይ የለም፤ ጣሪያውን አላየም፤ ወንድሜን አየው። "እንደምን ዋልክ" አለ።

"ደህና። አንተስ እንደምን ዋልክ?"

"ደህና።"

"ባለቤትህስ?"

"ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከካቻምና።"

"አልሰማሁም" አለ ወንድም ጋሼ። ተነስቶ በአግዳሚዎቹ መሐል ወደ እሱ መምጣት ጀምሯል። "ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው። ትልቋን ዳርኳት።"

"እሱን ሰምቻለሁ። ሙዚቃው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።"

ፂማሙ አቀረቀረ። "አልጠራሁህም" አለ። "ስሟን ያወጣህላት አንተ ነህ። እኔ ግን አልጠራሁህም።"

ወንድም ጋሼ አጠገቡ ደርሶ ነበር። "ተቀመጥ፣ ሰው እየጠበቀን ነው" አለውና ክንዱን ይዞ አስቀመጠው፤ እሱም ጎኑ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ የሚቀጥለውን ጉዳይ ማንበብ ጀመረ፤ ግን ፂማሙ ድምፅ አውጥቶ እያለቀሰ ስለነበር ምን እንዳነበበ የሰማ ሰው የለም።